ሎጎው ኦቶካድ ውስጥ ሲገባ ለምን ይገዝፋል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ወሬ ናቸው። ዲዛይኑ በኮረል ወይ በኢሉስትሬተር፣ ማለትም በግራፊክስ ፕሮግራም፣ አልቋል፣ ደንበኛው ወዶታል፣ ቀብድ ተከፍሏል፣ ከዛ አርክቴክቱ ወይ ሌዘር ቤቱ "የኦቶካድ ፋይል ላኩልን" ይላል (ኦቶካድ አርክቴክትና ኢንጂነር በልክ የሚስልበት ፕሮግራም ነው)፣ ጣጣው እዛ ጋ ይጀምራል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ጨፍልቄ ነው የመለስኩት፣ ስማችሁንም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ማስታወቂያ ቤት ነው የምሰራው። ለአንድ ህንጻ መግቢያ የሚሆን ሎጎ በኢሉስትሬተር ስፋቱን ልክ 1200 ሚሊሜትር አድርጌ ሰርቼ በዲኤክስኤፍ (ኦቶካድ በሚያነበው የፋይል ዓይነት) አውጥቼ ላክሁላቸው፣ አርክቴክቱ ደውሎ "3401 ነው እኮ የሚለኝ፣ በሩን አልፎ ሄደ" አለኝ። እኔ ጋ ስከፍተው ያው 1200 ነው። ማነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማናችሁም። 3401ን ለ1200 አካፍለው፣ 2.83 ይመጣልሃል፣ እሷን ቁጥር ካወቅካት ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ኢሉስትሬተር አንተ በሚሊሜትር ብትሰራም ውስጥ ውስጡን የሚያስበው በፖይንት ነው፣ አንድ ኢንች 72 ፖይንት ነው፣ አንድ ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ 72ን ለ25.4 ስታካፍል 2.8346 ይሆናል። ፋይሉ ሲወጣ በፖይንት ወጣ፣ ኦቶካድ ቁጥሩን እንዳለ ተቀበለ፣ አርክቴክቱ ደግሞ የሚሰራው በሚሊሜትር ነው፣ በቃ ይሄው ነው። ኦቶካድ ውስጥ የመስመር ርዝመት መጀመሪያ ቁጥር ነው፣ 3401 ዩኒት፣ ያ ዩኒት ሚሊሜትር ይሁን ኢንች ይሁን ሜትር አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የከፈተው ሰው ሴቲንግ ነው።

ሌላ ጊዜም መጠን ሲዛባ ከመደንገጥህ በፊት አካፍል። 25.4 ከመጣ ኢንችና ሚሊሜትር ተቀያይረዋል፣ 10 ከመጣ አንዱ በሴንቲሜትር ነው የሰራው፣ 1000 ከሆነ በሜትር፣ 3.78 ከሆነ ፒክስል ነው ምክንያቱም 96 ፒክስል አንድ ኢንች ተብሎ ስለሚቆጠር። ተንኮለኛዋ 1.067 ናት። ኢንክስኬፕ የሚባለው የስዕል ፕሮግራም ድሮ አንድ ኢንችን 90 ፒክስል ብሎ ነበር የሚቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 0.92 ቨርዥን ጀምሮ ወደ 96 ቀየረው፣ እና የድሮ ፋይል በአዲሱ ስትከፍት አለዚያም በተቃራኒው ስታደርግ ስራው ወደ 7 ፐርሰንት ገደማ ሊዛባ ይችላል። 2.83 እጥፍ ቢገዝፍ ማንም ያየዋል፣ 7 ፐርሰንት ግን ማንም አያይም፣ ላሜራው ተቆርጦ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ሲል ነው የሚታወቀው።

ማስተካከያው፣ ኢሉስትሬተር ዲኤክስኤፍ ኤክስፖርት ስታደርግ በሚመጣው መስኮት ላይ ስኬል የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ሚሊሜትር አድርገህ አንድ ሚሊሜትር እኩል አንድ ዩኒት እንዲሆን አድርገው፣ ብዙ ሰው እዛ መስኮት ላይ ሳያይ ኦኬ ብሎ ነው የሚያልፈው። የተላከውን ፋይል ለማዳን ደግሞ አርክቴክቱ ስኬል የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቶ ሪፈረንስ ይበል፣ የሎጎውን ግራና ቀኝ ጫፍ ይንካ፣ 1200 ብሎ ይጻፍ፣ ልክክ ይላል። 2.83ን በእጅ ጽፎ ከማካፈል ይሄ ይሻላል፣ የተጠጋጋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ስህተት ይተዋል።

ሌላ የምመክርህ ነገር፣ ከዲዛይኑ ጎን 100 በ100 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ሳልበትና ለብቻው ሌየር (የፋይሉ ንብርብር) ላይ አድርገው፣ የሌየሩንም ስም በላቲን ፊደል ስጠው ምክንያቱም የቆዩ ፕሮግራሞች ግዕዝ ፊደል ሲያዩ ስሙን ያበላሹታል። ተቀባዩ መጀመሪያ ካሬውን ይለካል፣ 100 ካለ ወደ ስራው፣ ካላለ ወደ ስልኩ።

ጥያቄ፦ ለግቢ በር የሚሆን የላሊበላ መስቀል ንድፍ ከፎቶ ላይ በኢሜጅ ትሬስ (ፎቶን በራሱ ወደ ቅርጽ በሚቀይረው መሳሪያ) አውጥቼ ሰጠሁ። ሌዘር ቤቱ "መስመሩ ድርብ ነው፣ ነጥቡ በዝቷል፣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል" ብለው መለሱልኝ። እኔ ስክሪን ላይ ግን ቁልጭ ያለ ነው፣ ስራ ላለመስራት ሰበብ እየፈለጉ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። ስክሪኑ የሚያሳይሽ ቀለሙን ነው፣ ማሽኑ የሚሄደው ግን በጠርዙ ላይ ነው። አሁኑኑ ፋይሉን ክፈቺና ኢሉስትሬተር ከሆነ ኮንትሮል ዋይ በይ፣ ኮረል ከሆነ ቪው ውስጥ ገብተሽ ዋየርፍሬም አድርጊው፣ ቀለሙ በሙሉ ይጠፋና ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። ሌዘር ቤቱ የሚያየው እሱን ነው። ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ የነበረው ነገር ትሬስ ሲደረግ መስመር ሆኖ አይወጣም፣ ፕሮግራሙ ቀጭን ጥቁር ቅርጽ ነው ብሎ ግራውንም ቀኙንም ይዞረዋል፣ ለዛ ነው ድርብ የሆነው። ማሽኑ ሁለቴ ይቆርጠዋል፣ መሃል ላይ ቀጭን የላሜራ ክር ይቀራል፣ ክሩም በሙቀት ይጣመማል። ንድፉ ላዩ ላይ የሚቀረጽ ብቻ ቢሆን ኮረል ውስጥ ሴንተርላይን ትሬስ የሚባል አለ፣ ኢሉስትሬተርም ትሬሱ ውስጥ ስትሮክስ የሚል ምርጫ አለው፣ አንዷን የመሃል መስመር ያወጡልሻል። ላንቺ ግን የሚቆረጥ ስለሆነ እነሱ አይጠቅሙሽም።

ነጥቡ ለምን በዛ? ትሬስ የፎቶውን እያንዳንዷን ሻካራ ነገር፣ የነሃሱን ዝገት፣ የጥላውን ጫፍ ሁሉ እንደ ቅርጽ ነው የሚቆጥረው። ከዛ ዲኤክስኤፍ ሲወጣ ኩርባዎቹ ይቆራረጣሉ። ኦቶካድ ውስጥ ፖሊላይን (የተያያዘ መስመር) የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፣ ቀጥ ያለ መስመርና የክብ ቁራጭ። የኢሉስትሬተር ኩርባ ግን ቤዚየር የሚባል ልስልስ ኩርባ ነው፣ ወይ ስፕላይን (የኦቶካድ ልስልስ ኩርባ) ሆኖ ይገባል ወይ ተቆራርጦ ይገባል። ፋይሉ የወጣው በኦቶካድ አር 12 ከሆነ ደግሞ ምርጫም የለም፣ እ.ኤ.አ. የ1992 ቨርዥን ነው፣ ስፕላይን የሚባል ነገር ዲኤክስኤፍ ውስጥ የገባው ከሱ በኋላ በአር 13 ነው። የሚገርመው ቤዚየር ራሱ ከአርቲስት ሰፈር አልመጣም፣ ፒየር ቤዚየር የሬኖ መኪና ፋብሪካ ኢንጂነር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመኪና ቦዲ ለመንደፍ ያስፋፋው ነው፣ ኢሉስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ነው ለግራፊክስ ሰው ቤተኛ የሆነው። እና ኢንጂነሮቹ ኩርባችሁን አንችልም ሲሉሽ የራሳቸው ቤት ልጅ መሆኑን ንገሪያቸው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስና፣ ማሽን አጫጭር ቁራጮች ሲበዙበት ፌርማታ ሁሉ ላይ እንደሚቆም ታክሲ ነው፣ ፍጥነት ሳይይዝ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ መንቀጥቀጡ እሱ ነው፣ ጠርዙም ላይ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ይታያል። ግን ስንት ቁራጭ ይበቃል? 600 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ብትወስጂና በ36 ቀጥ ያሉ ቁራጮች ብትሰሪው እያንዳንዱ ቁራጭ መሃሉ ላይ ከትክክለኛው ክብ 1.1 ሚሊሜትር ይሸሻል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ስህተቱ ከ0.1 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ 122 ቁራጭ በቂ ነው፣ ያንን ደግሞ ለበር ላሜራ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ለአንድ ክብ ሺህ ነጥብ ካየሽ ትርፉ ድካም ነው። እንደውም እውነተኛ ክብ የሆነውን ነገር ሁሉ ኦቶካድ ላይ ሰርዢውና በሰርክል ትዕዛዝ እንደገና ሳይው፣ ያኔ ማሽኑ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ተቀብሎ ዞሮ ይመጣል።

እኔ ብሆን ይሄንን መስቀል ትሬስ አላደርገውም። ፎቶውን ከስር አስቀምጬ ሌየሩን ቆልፌ በፔን ቱል ግማሹን ብቻ እስለዋለሁ፣ የላሊበላ መስቀል ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ሌላውን ግማሽ በሚረር ታመጪዋለሽ። ፎቶ ደግሞ ትንሽ እንኳ ከጎን ከተነሳ ሁለቱ ጎን እኩል አይሆንም፣ ትሬስ ያንን ጠማማነት ታማኝ ሆኖ ይገለብጠዋል፣ በር ላይ ሲሰቀል የሚታየው እሱ ነው። ኖድ (የመስመሩን ነጥብ) የምታስቀምጪው ኩርባው አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን። ሁለቱን ግማሾች ስታገናኚ መሃል ላይ ያለውን መስመር አጥፊና በዩናይት ወይም በዌልድ አንድ አድርጊያቸው። ኦቶካድ ከገባ በኋላ ኦቨርኪል በሚለው ትዕዛዝ ተደራርበው የተቀመጡትን መስመሮች አስወግጂ፣ የተበጣጠሰውን በጆይን ቀጥዪ፣ ስፕላይን የሆነውን ፔዲት ስትዪው ወደ ፖሊላይን ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቅሽና ፕሪሲዥን ይላል፣ ከ0 እስከ 99 ነው፣ ዝም ብለሽ 99 አትስጪው፣ ያው የነጥብ መዓት ተመልሶ ይመጣል፣ ከ10 ጀምረሽ እያየሽ ጨምሪ። በመጨረሻ መስመሩን ነክተሽ ፕሮፐርቲስ ላይ ክሎዝድ የስ ማለቱን እይ። ክፍት የሆነ ቅርጽ ላይ የሌዘሩ ፕሮግራም የትኛው ውስጥ የትኛው ውጭ እንደሆነ አያውቅም።

ደግሞ አስቢበት፣ መስቀሉ ውስጥ ያለው ጥልፍልፍ ሲቆረጥ የሚወድቀው ክፍት ቦታው ነው፣ የሚቀረው ሁሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ከፍሬሙ ጋር መድረስ አለበት። አንድ ቁራጭ ብቻውን አየር ላይ ከቀረ ወለል ላይ ነው የምታገኚው።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነኝ፣ ለአንድ ክሊኒክ ታፔላ አማርኛውን በኮረል ጽፌ ኤክስፖርት ሳደርገው ኦቶካድ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነበር የመጣው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ችግር ናቸው። የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ከመጣ ጽሁፉ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዛሬው አሰራር) ነው፣ ግን ኦቶካዱ የተጠቀመበት ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፣ የኦቶካድ የራሱ የመስመር ፎንቶች አማርኛ አያውቁም። የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ የጻፍክበት ፎንት ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት ከተሰሩት አንዱ ነው፣ እነሱ የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት፣ ፎንቱ ሲጠፋ ከስር ያለው ላቲን ይወጣል።

መድኃኒቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፣ ጽሁፉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ ላክ። ኮረል ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ። ከመቀየርህ በፊት ኮፒ አስቀር፣ ደንበኛ ስልክ ቁጥሬን ቀይርልኝ ማለቱ አይቀርም።

ከዛ ዋናው ነገር፣ ፊደሎቹ እንዴት ነው የሚሰሩት? እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ከአክሬሊክ ተቆርጦ የሚለጠፍ ከሆነ ምንም አይደል። ከላሜራ ላይ ተቆርጦ ከኋላው መብራት የሚገባበት ከሆነ ግን ዓይን ያላቸውን ፊደሎች ተጠንቀቃቸው። ዐ ስትቆርጠው መሃሉ ይወድቃል፣ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ቀ እና ፀ መሃላቸው ላይ መስመር ስላለ ሁለት ሁለት ቁራጭ ነው የሚጥሉት፣ መ እና ወም እንደዛው ናቸው። ሰው የሚረሳት የኃምስ ቀለበቷን ነው፣ ቤ፣ ሌ፣ ሴ ላይ ከእግሯ ስር ያለችው ትንሿ ክብ። "ቤት" የሚል ቃል ከላሜራ ላይ ሲቆረጥ የቀለበቷ ሆድ ይወድቅና እግሩ ላይ የተድበለበለ ቀዳዳ ይሆናል፣ ከሩቅ ሲያዩት ምን እንደሆነ አይለይም። ለዚህ ቀጭን ድልድይ ትተዋለህ፣ ማለትም የውስጡን ቁራጭ ከውጭው ጋር የሚያይዝ ሳይቆረጥ የሚቀር ቦታ። ድልድዩን ኮረል ላይ እያለህ አራት ማዕዘን ስለህ በትሪም ቁረጠው፣ ኦቶካድ ከገባ በኋላ መስመር በመስመር መስራቱ አሰልቺ ነው። ስፋቱን ግን ከላሜራው ውፍረት በታች አታድርገው፣ በተለይ ፕላዝማ ከሆነ አቅልጦት ይሄዳል። የት ላይ ይሁን ለሚለው፣ ቀ ላይ ድልድዩ ከላይና ከታች ቢሆን የመሃሉን መስመር ስለሚያሳስት በጎንና በጎን አድርገው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ካፌ ልንከፍት ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የባንኮኒውን ፊት ለፊት የጥለት ንድፍ ሰርቶ ፒዲኤፍ ላከልን። እዚህ ያለው የእንጨት ስራ ሱቅ ደግሞ ዲደብልዩጂ (የኦቶካድ ፋይል) በኢንች ካልሆነ አንቀበልም አለን። ልጁን ድጋሚ ማስቸገር አለብን?

መልስ፦ ምናልባት አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ ፒዲኤፉን ከፍተው በጣም ያጉሉት፣ ጠርዙ ሁሌም ጥርት እንዳለ ከቆየ ቬክተር (በመስመር የተሳለ) ነው፣ ካሬ ካሬ እየሆነ ከመጣ ግን ፒዲኤፍ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ ነውና ኦሪጅናሉን ይጠይቁት። በቴሌግራም ሲልክልዎት ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፣ እንደ ፎቶ ከመጣ ተጨፍልቆ ነው የሚደርስዎት።

ቬክተር ከሆነ ኦቶካድ ከ2017 ቨርዥን ጀምሮ ፒዲኤፍን በቀጥታ ወደ መስመር ይቀይራል፣ ትዕዛዙ ፒዲኤፍ ኢምፖርት ነው፣ የእንጨት ሱቁ ልጆች ራሳቸው በደቂቃ ውስጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሁለት ነገር ግን ልጁን ይጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ጥለቱ ውስጥ ያሉት ወፋፍራም መስመሮች አንድ መስመር ተስሎ በስትሮክ ውፍረት ብቻ የወፈሩ ናቸው ወይ? ኦቶካድ ከወፍራም ስትሮክ የሚወስደው የመሃሉን መስመር ነው፣ ራውተሩም (እንጨት የሚቀርጸው ማሽን) በዛው በአንዷ መስመር ላይ ነው የሚሄደው፣ የ12 ሚሊሜትር የጥለት ሰንበር ወደ አንድ ጭረት ይቀየራል። መልሱ አዎ ከሆነ ኢሉስትሬተር ውስጥ አውትላይን ስትሮክ አድርጎ እንደገና ይላከው፣ ኮረል ከሆነ ኮንትሮል ሺፍት ኪው። ሁለተኛ፣ ክሊፒንግ ማስክ ተጠቅሟል ወይ? የጥለት ስራ ላይ አንዷን ዝርዝር ደጋግሞ አባዝቶ ጫፉን በማስክ መደበቅ የተለመደ ነው፣ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ኦቶካድ ሲገባ ግን ከማስኩ ስር ተደብቆ የነበረው ሁሉ ከባንኮኒው ጠርዝ ውጭ ተዘርግቶ ሊመጣ ይችላል። ፓዝፋይንደር ውስጥ በክሮፕ ወይ በዲቫይድ በእውነት ይቁረጠው።

ስለ ኢንቹ አይጨነቁ፣ ልጁ በሚሊሜትር ይስራ፣ ሱቁ ለ25.4 ያካፍላል። የባንኮኒውን ጠቅላላ ርዝመት ግን በሁለቱም ልክ ጽፈው ኢሜይሉ ላይ ያስቀምጡ፣ ለምሳሌ 2438.4 ሚሊሜትር፣ 96 ኢንች ብለው። ያለበለዚያ ልጁ 2.4 ሜትር ብሎ ሰርቶት 38 ሚሊሜትር ጎሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጅማ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፣ ኢሉስትሬተርም ኦቶካድም መግዛት አልችልም፣ ክራክ ደግሞ ላፕቶፔን ቫይረስ ጨረሰው።

መልስ፦ ኢንክስኬፕ ነጻ ነው፣ ኦቶካድን የሚመስለው ሊብሬካድም ነጻ ነው፣ ሁለቱ ይበቁሃል። ኢንክስኬፕ ላይ ሁሉንም ምረጥና ኦብጀክት ቱ ፓዝ በል፣ ከዛ ሴቭ አዝ ውስጥ ዲኤክስኤፍ አር 14 የሚለውን ያዝ፣ ሲጠይቅህ ቤዝ ዩኒቱን ሚሊሜትር አድርገው። እዛው ላይ መስመሩን ፖሊላይን አድርገህ አውጣ የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ፣ እሱን ካላደረግከው ሁሉም መስመር ቁርጥራጭ ሆኖ ይመጣል። ትምህርት ቤት ላይ ዲደብልዩጂ ከጠየቁህ ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲኤክስኤፉን ይቀይርልሃል። በተማሪነትህም አውቶዴስክ ለተማሪ ነጻ ላይሰንስ ስለሚሰጥ ክራክ ፍለጋ ከመሄድህ በፊት እሱን ሞክር።

ጥያቄ፦ 14 ሜትር የሚሆን የአጥር ላይ ንድፍ ኢሉስትሬተር ላይ ልጀምር ስል አርትቦርዱ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ የድሮው ቨርዥን ጣሪያው 227 ኢንች ነው፣ 5.8 ሜትር ገደማ። አዲሶቹ እስከ አስር እጥፍ ይፈቅዳሉ ግን እኔ አንድ ለአስር ብትሰራው ነው የምመርጠው፣ 1400 ሚሊሜትር አድርገህ፣ ከዛ ኤክስፖርት ስታደርግ ወይ ኦቶካድ ላይ በ10 አባዛው። ፋይሉ ስም ላይ አንድ ለአስር ብለህ ጻፍበት።

ጥያቄ፦ ኦቶካዱን ዘልዬ ዲዛይኑን በቀጥታ ለሲኤንሲ ቤቱ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ላለው) ብልክስ? ሁሌ ኦቶካድ የሚሉት ለምንድነው?

መልስ፦ ልማድ ነው በአብዛኛው። አስፓየር የሚባለውን የማሽን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ኤስቪጂም ፒዲኤፍም ኢፒኤስም በቀጥታ ይከፍታል፣ የሌዘሩ ፕሮግራም አርዲወርክስም ከዲኤክስኤፍ ሌላ የኢሉስትሬተር ፋይል ይቀበላል፣ በቆየ ቨርዥን ሴቭ ካደረግከው ማለቴ ነው። ከኮረል ወደ ኦቶካድ፣ ከኦቶካድ ወደ ማሽኑ ፕሮግራም እያለ በተሻገረ ቁጥር ኩርባው አንዴ ይቆራረጣል። አርክቴክት መሃል ካለ ግን ኦቶካዱ የግድ ነው፣ ከበሩና ከግድግዳው ልክ ጋር ማስቀመጥ አለበትና። ስለዚህ ስራ ስትቀበል ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ደውልና ማሽኑ የሚሰራው በምን ፕሮግራም ነው፣ የትኛው ቨርዥን ነው፣ የሚቆረጠው እቃ ውፍረቱ ስንት ነው በል። ስልኩን ያነሳው ሰው የማያውቅ ከሆነ ማሽኑ ላይ የሚቆመውን ልጅ አገናኙኝ በላቸው፣ እሱ ያውቃል።